የማይሰበረው ማርሽ

ኪዳነ ወልድን ከጣና ዳር ደንገል ውስጥ ያወጡት ማለዳ መረባቸውን ሊያነሡ የወጡ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ሸሚዙና ሱሪው እላዩ ላይ ነበሩ፤ ማተቡም አንገቱ ላይ። ጫማው ግን አልነበረም። ጫማው ከውሃው ወዲህ አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተገጣጥሞ፣ ካልሲው በውስጡ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ያየው ሁሉ አንድ ነገር አሰበ። ባሕር ዳር ደግሞ ያሰበችውን በሆዷ የምታሳድር ከተማ አይደለችም። ቁርስ ሳይቀርብ ወሬው ሹም አቦ ሰፈር ደርሶ፣ ሁለት ሦስት ቤት ገብቶ፣ የዓይን ምስክር አግኝቶ ተመለሰ፤ «የመሪጌታው ልጅ ራሱን ሐይቅ ጣለ።»

ኢንስፔክተር እናትዓለም ስትደርስ ሳጅን ገድሉ በእሱ ቤት ሥራውን ጨርሶ ነበር።

«ግልጽ ነገር ነው፤» አላት። «ጫማውን አወለቀ፤ ገባ፤ አለቀ።»

«ሲያወልቅ አየኸው?»

«ኧረ እኔስ አላየሁም።»

«ታዲያ ምስክርነቱን ተወው። ከተማው ውስጥ በቂ ምስክር አለ።»

እናትዓለም የአንበሳሜ ሰው ናት፤ አጭር፣ ጠይም፣ ስትራመድ የቸኮለች የማትመስል፣ ነገር ግን ሁልጊዜ ቀድማ የምትገኝ። «ምላሷ ከሽጉጧ ይቀድማል» ይሏታል። እሷም ሽጉጧን ተኩሳ እንደማታውቅ አስታውሳ ስሙን በምስጋና ተቀብላለች።

ከሾላው ሥር አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የሟቹ አባት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው፤ በሐይቁ ዳር አድባራት ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ከተማው ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሰው። እናትዓለም ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«የኔታ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን። ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ገዳይ ፈልጊልኝ አልልሽም። ቀብሩ ዛሬ ነው። ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ለደቀ መዛሙርቴ ሳስተምር የኖርሁ እኔ ነኝ። የእኔ ልጅ ሲሆን ልለውጠው? ካህናቱ የአንቺን ቃል እየጠበቁ ነው። እኔም እጠብቃለሁ። ብቻ ለሽምግልናዬ ብለሽ እንዳታለሳልሺው።»

«ማለሳለስ አልተፈጠረብኝም፣ የኔታ።»

«እሱንስ ሰምቻለሁ፤» አሉ ሽማግሌው።

ሬሳውን ወደ ሆስፒታል ከመጫናቸው በፊት እናትዓለም የሟቹን እግር ገልጣ አየች። ጫማ ለምዶ የኖረ ለስላሳ የመምህር እግር ነው። ውስጥ እግሩን ገልብጣ አየች፤ አንድ ጭረት የለበትም። ቀጥላ ጫማው ከተገኘበት ድንጋይ እስከ ውሃው ያለውን መሬት አየች። ጠርዙ እንደ ምላጭ የሰላ ጥቁር ጠጠር ነው፤ በየመሃሉ አሜኬላ በቅሎበታል።

«ገድሉ፣ ጫማህን አውልቅ።»

«እ?»

«አውልቅና ውሃው ድረስ ሄደህ ተመለስ።»

ሳጅኑ እንደ ዶሮ አንድ አንድ እግሩን እያነሣ ሄዶ፣ እየተሳደበ ተመለሰ። አውራ ጣቱ ደምቷል።

«ተወጋሁ እኮ!»

«አየህ? አንተ ሄደህ ለመመለስ እንዲህ ከሆንህ፣ ያ ሰው እንዴት ሳይጫር ገባ?»

ገድሉ እግሩን እንደያዘ አሰበ። «ጫማውን... ሌላ ሰው ነው ያወለቀለት?»

«ይህን ነገር ለጊዜው ዋጠው። ለአባቱ ግማሽ እውነት ሰጥቼ ግማሹን ብነፍጋቸው የባሰ ነው።»

ቦታው የአቶ አበራ ሆቴል ጓሮ ነው። ከአትክልቱ በስተጀርባ፣ እስከ ሐይቁ ዳርቻ፣ ድንጋይና ጉብታ የተደረደረበት፣ ጭቃ የተቆፈረበት ጠባብ መንገድ ይዞራል። ላላወቀው ሰው የሕፃናት መጫወቻ ይመስላል። የሚነዱበት ግን ክንድ የሚያህሉ፣ በሪሞት የሚታዘዙ የጭነት መኪኖች ናቸው፤ ነጂዎቹም ደመወዝተኛ ጎልማሶች። የባሕር ዳሩ ክለብ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ክለቦች ጋር ሊወዳደር ነው። በውድድሩ ሕግ አንድ ክለብ የሚያሰልፈው አንድ ዓይነት መኪና ብቻ ስለሆነ፣ ከሁለት መምረጥ ነበረባቸው፤ ከቀዩና ከጥቁሩ። ኮሌጅ ውስጥ የወርክሾፕ መምህር የነበረው ኪዳነ ወልድ ሁለቱንም ሲፈትን ሰንብቶ፣ ውሳኔውን ዛሬ ጠዋት በእንግዶች ፊት ሊናገር ነበር። እንግዶቹ መጥተው፣ ከፖሊስ ጋር ተገጣጥመው፣ በመጡበት ተመልሰዋል።

በሆቴሉ አንድ ክፍል ተቀምጣ መጀመሪያ ያነጋገረችው የክለቡን አባል ባምላክን ነው። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዓይኑ የቀላ፤ በአንድ ፋብሪካ የማሽን ክፍል ኃላፊ ነው። የቀዩን መኪና የብረት ማርሾች በፋብሪካው የብረት መቅረጫ ቶርኖ የቀረጸው እሱ ራሱ ነው።

«የመጡት እንግዶች የእርስዎ አለቆች ነበሩ አሉ፤» አለች።

«አዎ። ማርሹ ከተመረጠ ፋብሪካው በስሜ ሊያመርተው ነበር። አሁን ግን ምን ዋጋ አለው?» መሀረቡን አወጣ። «ኪዳነ ወንድሜ ማለት ነው።»

«ቀዩን ለምን መረጡት?»

ይህን ሲጠየቅ ፊቱ በራ። «ኢንስፔክተር፣ ውድድሩ ሜዳ ላይ አይደለም። ድንጋይ ነው፤ ገደል ነው፤ ጭቃ ነው። ጠንካራ ማለት የማይሰበር ማለት ነው። ፕላስቲክ ይሰበራል። ብረት አይሰበርም። በቃ።»

«ትናንት ፈተናውን አለፈ?»

«አንድ ብሎን እንኳ አልላላም።»

«መቼ ተለያያችሁ?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ። የክለባችን ሔራን ሰድባው ሄደች፤ ወዲያው እኔም ቤቴ ገባሁ። መብራት ስላልነበረ በጊዜ ተኛሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን እኮ ደክሞት ነበር። ብቻውን ዝም ይላል። ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ...»

«ቢሆን ኖሮ?»

«ጫማውን አያወልቅም ነበር።»

እናትዓለም አመስግና አሰናበተችው። ስለ ጫማው አልጠየቀችውም ነበር፤ ግን ከተማው ሁሉ ስለ ጫማው እያወራ ባለበት ቀን ይህ ብቻውን ምንም አይደለም።

ሔራን ሹም አቦ ውስጥ ስልክ የምትጠግን ልጅ ናት። አገጯን ሽቅብ አድርጋ ገባች።

«ሳልጠየቅ ልናገር። ‹አንተ ካልሞትህ ይህ ክለብ አይነሣም› አልሁት። በአደባባይ አልሁት። ሆቴሉ በሙሉ ሰምቷል።»

«ለምን?»

«ነደደኛ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹አንድ ፈተና ይቀረኛል› እያለ አደረቀኝ። ደግሞስ ሰው ልትገድል ያሰበች ሴት ቀድማ ታስነግራለች?»

«ብልጥ ከሆነች ታስነግራለች። ልክ አንቺ አሁን የተናገርሽውን ለመናገር ያመቻታል።»

ሔራን ያልጠበቀችው ነበር። አገጯ ዝቅ አለ።

«ጥቁሩን ነው የምትወጂው አሉ።»

«የምወደው አይደለም፤ የሰበርሁት ነው። መኪና የሚታወቀው ሲሰበር ነው። የጥቁሩ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ፕላስቲክ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ ይጎብጥና ይመለሳል። ቀዩ ብረት ነው፤ አልጎብጥም ይላል። እና ያ ምት የት ይሂድ? ወደ ውስጥ ነዋ፤ ወደ ማርሹ። ከዚያ ጥቁሩ ቀላል ነው፤ ሲገለበጥ ራሱን አይጎዳም። ውሃ አይገባውም። ቢሰበርም መለዋወጫው እኔ ሱቅ አለ፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብለሽ... ይቅርታ፣ ቁጭ ብለው ይቀይሩታል። የቀዩን ማርሽ ግን ከባምላክ በቀር የሚሠራው የለም።»

«ትርፍ ማርሽ አለው?»

«እዚሁ ሐይቁ ዳር ባለው የክለቡ ጎጆ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ። የጎጆው ቁልፍ ከጣሪያው ሥር ይንጠለጠላል። ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«አንቺ ማርሹን መቀየር ትችያለሽ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ፤» አለች ሔራን፤ ቆይቶም የተናገረችውን የሰማች መሰለች። «ግን አልነካሁትም። ማንም አይነካውም። የኪዳነ ሕግ ነው፤ የፈተና መኪና አይጠገንም። የተሰበረ እንደተሰበረ ጠረጴዛ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ሁሉም ያየዋል። ‹የማይሰበር መኪና አላውቅም፤ ስብራቱን የማይደብቅ ምረጡ› ይል ነበር።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ባትሪም እንደዚሁ። ማሰሮ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ቢነድ እንኳ ጎጆው እንዳይቃጠል። ሞልቶ ደግሞ አያድርም።»

«ትናንት ባትሪዎቹስ?»

«መብራት ከትናንት ቀትር ጀምሮ እስከ አሁን የለም። ከአንዷ በቀር ሁሉም አልቀዋል። ስሄድ የመጨረሻዋን ቀዩ ላይ እየጫነ ነበር።»

በመስኮቱ ስታይ፣ እናትዓለም የባምላክን ፒክአፕ አየች። ከፊት ሽፋኑ ሥር ቀይና ጥቁር ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ባትሪ መሙያ ነው። መስክ ስንወጣ ሁላችንም የምንሞላው ከእሱ መኪና ነው።»

አቶ አበራ ሲገቡ ወንበር ሳይሰጣቸው ተቀመጡ። ወፍራም፣ ላብ የማይለያቸው፣ የሆቴላቸው ስም በተነሣ ቁጥር የሚያማትቡ ሰው ናቸው።

«እኔ ትናንት አልነበርሁም። ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ነበርሁ፤ ለዓሣ። የመጣሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ምንም አላየሁም፤ ምንም አልሰማሁም።»

«ደኅና። እነዚህ የመኪና ሰዎች ያስቸግሩዎታል?»

«ምን ያስቸግሩኛል ትያለሽ? ያስመርሩኛል እንጂ! ትናንት ማታ እንኳ ያ ቀዩ እንደታነቀ ድመት ሲጮህ እንግዶቼ ራታቸውን ጥለው ተነሡ።»

«ጩኸቱ ቁንዝላ ድረስ ይሰማል?»

ገድሉ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አቶ አበራ፣ ሐይቁን ተሻግሮ የሚሰማ ጆሮ ካለዎት ፖሊስ ቀጥሮ ያሠራዎታል። ከሌለዎት ግን እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ሰገነቴ ላይ ነበርሁ፤» አሉ ባለሆቴሉ ተሸንፈው። «ሰው የሞተበት ሆቴል ማን ያርፋል ብዬ ነው። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። መኪናው ጮኸ፤ ግን አልሄደም። ቆሞ ነው የሚጮኸው፤ ጎማው አይዞርም። ከዚያ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዱ ኪዳነ ነው። ሌላውን ነፋሱ ወሰደብኝ፤ ወንድ ይሁን ሴት አልለየሁም።»

«ለምን ወጥተው አላዩም?»

«በጨለማ? ጀኔሬተሬ ከተበላሸ ሰንብቷል። እንግዶቼ በሻማ ነው ያደሩት።»

«ሌላ ኃይል የሚያመነጭ ነገር የለዎትም? ሶላር?»

«ሻማ አልሁሽ እኮ፣ እመቤት።»

ከሆስፒታል ስልክ ሲመጣ እናትዓለም ወደ ሐይቁ ወረደች። ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም። በማጅራቱ ላይ እብጠት አለ፤ ድንጋይ የመታው ይመስላል፤ ራሱን ሊያስት ይችላል እንጂ አይገድልም። የገደለው ውሃው ነው። ውሃው ሲያገኘው ይተነፍስ ነበር።

«እመቤት፣» አለ ገድሉ ከኋላዋ፣ «እኔ ልጅቷን እጠረጥራለሁ። ሰድባዋለች፤ ቁልፉን ታውቃለች፤ ማርሽ መቀየር ዓይኔን ጨፍኜ ብላለች። ወይ ደግሞ ባለሆቴሉን። አንዴ የዋሸ...»

«ቀዩን መኪና አምጣልኝ። ሔራንንም።»

መኪናው ጎጆው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እንደ ሙሽራ ተወልውሎ። ሔራን ከማሰሮው ውስጥ የቀዩን ባትሪ አውጥታ በትንሿ መለኪያ ለካችው፤ ቁጥሩን አይታ መለኪያውን በእጇ መታችው፤ እንደገና ለካች።

«ሙሉ ነው፤» አለች።

«ሞልቶ አያድርም አላልሽም?»

«አያድርም። ደግሞ በምን ሞላ?»

መኪናውን ወደ መንገዱ አውጥታ ገጠመችው። ቀዩ ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ፣ ጠጠሩን እየበተነ ሄደ። እንደታነቀ ድመት የጮኸው ይህ ነው ለማለት ያስቸግራል። እናትዓለም አስመለሰችውና «ክፈችው» አለች። ሔራን በካቻቢቴ ስድስት ብሎን ፈትታ የማርሹን ሽፋን አነሣች።

በሣጥኑ ጥግ ጥግ የሐይቁ ዳር ጥቁር አሸዋ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ተቦክቶ ተጋግሯል። መሃሉ ላይ ያለው ማርሽ ግን ያበራል፤ ነጭ አዲስ ግራሶ ተቀብቷል፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት አልነካውም።

ሔራን ወደ ኢንስፔክተሯ ቀና አለች።

«እኔ አይደለሁም፤» አለች በሹክሹክታ።

እናትዓለም ወደ ገድሉ ዞራ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሳጅኑም ወጣ።

ቀትር ካለፈ በኋላ ሁሉም በሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ሬሳውን የያዘው መኪና ከሆስፒታል ተመልሶ መንገዱ ዳር ቆሟል። ሁለት ካህናት ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃሉ፤ ቀባሪው በዝቷል፤ ማንም ጮክ ብሎ አያለቅስም። ምን ዓይነት ልቅሶ እንደሚለቀስ ገና አልታወቀም። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ወንበር ቢሰጧቸው እንቢ ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ባምላክ፣ ሔራንና አቶ አበራ አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው።

«የኔታ፣ እውነቱን እንዳታለሳልሺው ብለውኛል፤» አለች እናትዓለም። «እንግዲህ ይስሙኝ። ጫማው ከነበረበት እስከ ውሃው ያለው ጠጠር የሳጅን ገድሉን እግር አድምቷል። የልጅዎ እግር ግን አንድ ጭረት የለውም። ስለዚህ ጫማውን አውልቆ አልሄደም። ጫማው የወለቀው ማጅራቱን ተመትቶ ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ያወለቀውም ሰው ራሱን ገደለ ሊያሰኘው ፈልጓል።»

ሽማግሌው «ቀጥይ» አሉ።

«ለምን? የዚህ መልስ ቀዩ መኪና ውስጥ ነው። አቶ አበራ ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ መኪናው ጎማው ሳይዞር ቆሞ ሲጮህ ሰምተዋል። ሔራን፣ ይህ ምን ማለት ነው?»

«ማርሹ ጥርሱን ጨረሰ ማለት ነው። ሞተሩ ይዞራል፤ የሚይዘው የለም።»

«ትናንት ማታ ስብር ያለ መኪና ዛሬ ጠዋት እንደ ፍየል ዘለለ። ሌሊቱን ዳነ። ኪዳነ ወልድ አልጠገነውም፤ የተሰበረ እንደተሰበረ ይታይ የሚለው ሕግ የራሱ ነው። ማን ጠገነው? ሳጅን ገድሉ ሔራን ናት ይላል።»

«እኔ እንኳ...» አለ ገድሉ።

«ጥርጣሬህ ጥሩ ነበር፤ ብቻ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀመጠ። ሔራን ጥቁሩ እንዲመረጥ ስትጮህ የሰነበተች ናት። የቀዩ ስብራት ለእሷ ሠርጓ ነው። ጠዋት በእንግዶች ፊት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢታይ እልል ትል ነበር እንጂ፣ ማታ ተደብቃ በአዲስ ማርሽ አትተካውም። አቶ አበራ ደግሞ ይዋሻሉ...»

«እመቤት!»

«... ይዋሻሉ፤ ግን ማርሽና ሽንኩርት ቢሰጧቸው የሚለዩት በማሽተት ነው። ቀጥሎ ባትሪው አለ። ጠዋት ለእንግዶቹ እንዲሮጥ ባትሪው ሞልቶ አድሯል። መብራት ከቀትር ጀምሮ አልነበረም። የሆቴሉ ጀኔሬተር ተበላሽቷል። በዚያ ጨለማ ባትሪ ሊሞላ የሚችል አንድ ነገር ብቻ እዚህ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ገመድ የተንጠለጠለበት ፒክአፕ።»

ሁሉም ወደ ባምላክ ዞሩ። እሱ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ኢንስፔክተር፣ መሙያውን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። እኔ ቤቴ ነበርሁ።»

«መኪናዎስ?»

«ከእኔ ጋር።»

«እንግዲያው መሙያውም ከእርስዎ ጋር ነበር። ‹አንድ ብሎን አልላላም› ብለውኛል። ስብራቱን ያላየ ሰው አላየሁም ይላል፤ እርስዎ ግን እንዳልተሰበረ ማሉልኝ። ገድሉ!»

ሳጅኑ ከፒክአፑ ጎን መጣ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ይዟል። ሲፈታው አንድ የብረት ማርሽ ወጣ፤ በአንድ ወገኑ ጥርሶቹ በተርታ ረግፈዋል።

«ከሾፌሩ ወንበር ሥር፤» አለ።

እናትዓለም ማርሹን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ ሐይቁ አሳየችው፤ ውሃው እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ይንቦጫረቃል። ከዚህ በኋላ አንቱ ማለቷን ተወች።

«ጣና አጠገብህ ነበር። ብትወረውረው እስከ ምጽአት ማንም አያገኘውም። ለምን አልጣልኸውም?»

ባምላክ ማርሹን አየ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ሔራን ብቻ አወቀችው፤ በራሷም ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ያለፈ ነገር ነውና። የሠሪ ፊት ነበር።

«የት ጋ እንደ ጀመረ ማወቅ ፈልጌ ነው፤» አለ። «ብረቱ ነው ወይስ አቆራረጤ... መጣል አልቻልሁም።»

ከዚያ ወዲያ አላቆመም፤ አንዴ የተከፈተ ቧንቧ ሆነ።

«ረስቼው የሄድሁትን ካቻቢቴ ልወስድ ተመለስሁ። ደረስሁ፤ መኪናው ይጮሃል። አንድ ሌሊት ስጠኝ አልሁት። ቀይሬ ላምጣው፤ ለአለቆቼ በደኅናው ይታይ፤ ከውድድሩ በፊት አሻሽለዋለሁ አልሁት። ‹የተሰበረ ይታይ› አለኝ። ለመንሁት። መኪናውን አንሥቶ ወደ ጎጆው ሊሄድ ሲል ያዝሁት፤ ገፋሁት። ማጅራቱ ድንጋዩ ላይ አረፈና ወደ ውሃው ተንከባለለ። ፊቱ ግማሹ ውሃው ውስጥ ነበር። ሞቷል ብዬ ነው ጫማውን ያወለቅሁት፤ በእግዚአብሔር ስም፣ የሞተ መስሎኝ ነው።»

«ሐኪሙ አልሞተም ነበር ይላል፤» አለች እናትዓለም። «ይተነፍስ ነበር።»

ባምላክ ጭንቅላቱን በእጁ ያዘ።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን መቋሚያቸውን እየተከሉ ቀረቡ። አጠገቡ ሲደርሱ ቆሙ፤ ድምፃቸው ተማሪ እንደሚጠይቁ ያለ ነበር።

«ሲወድቅ ምን አለ?»

«ምንም አላለም፣ የኔታ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

ባምላክ ዓይኑን ወደ ማርሹ መለሰ። «አቃሰተ፤» አለ።

«ያን ጊዜ አንተ ምን እያደረግህ ነበር?»

«ብሎን... ብሎን እየፈታሁ ነበር።»

ሔራን ፊቷን ሸፈነች። አቶ አበራ ስለ ሆቴላቸው ስም ማሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ረስተው አማተቡ። ገድሉ ባምላክን በክንዱ ይዞ አስነሣው፤ ሰውየው ሲነሣ የተተኮሰ ሸሚዙን አስተካከለ፤ ከዚያ አፍሮ እጁን አወረደ።

ሽማግሌው ወደ እናትዓለም ዞሩ።

«እንግዲህ ንገሪኝ፤ ካህናቱ እንዲሰሙ ጮክ ብለሽ።»

«ልጅዎ በሰው እጅ ነው የሞተው፣ የኔታ። ራሱን አልገደለም። ይህ የፖሊስ ቃል ነው፤ የእኔም ነው።»

ከአጥሩ ውጭ የታፈነው ልቅሶ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ካህናቱ መስቀላቸውን አወጡ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«ተመስገን፤» አሉ። «ተመስገን አምላኬ።»

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። የገዛ ቃላቸውን ሰምተው የደነገጡ ይመስላሉ። የእናትዓለምን እጅጌ ያዙ።

«ሰማሽኝ ልጄ? ልጅህን ሰው ገደለው ስባል ተመስገን አልሁ። እኔ አባቱ! እንዲህ ያለ ምስጋና የት መጽሐፍ ላይ ተጽፏል? ንገሪኝ እስቲ፤ ለሁሉም መልስ አታጪም ይሉሻል።»

እናትዓለም ክንዳቸውን ደግፋ፣ በሽማግሌው እርምጃ ልክ እየዘገየች፣ ሬሳው ወደ ተጫነበት መኪና ወሰደቻቸው።